በሽፋኑ ላይ ያለው ስም

ሃምቡርግ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለአያ ደባሱ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎን እጠይቃለሁ። የቅዱስ ላሊበላ ጸሎት ከቤትዎም ከደጅዎም አይራቅ። እኔ የአጎትዎ ልጅ የይማርሽ ልጅ፣ እየሩስ ነኝ። ከአገር ከወጣሁ ስድስት ዓመት ሲሆነኝ አንድ መስመር ሳልጽፍልዎ ቀርቻለሁ። እንደሚቆጡኝ አውቃለሁ፤ ይቆጡኝ፣ ግን እስከ መጨረሻው ያንብቡኝ።

የጻፍኩት ስለ ምሥጋናው ነው። የእህትዎ ልጅ እዚህ በሰው አፍ ስንት ጊዜ እንደሞተ አልነግርዎትም። አንዱ ታሰረ ይላል፤ ሌላው ሱዳን ገባ ይላል። ባለፈው ሳምንት አንዲት የደሴ ልጅ በጥቅምቱ ግርግር በጥይት ተመታ ብላ በስልክ አለቀሰችብኝ። ጥቁር ልልበስ ወይስ ልጠብቅ? እውነቱን ከእርስዎ በቀር የሚነግረኝ የለም።

ሌላም ጉዳይ አለኝ። እዚህ የቆየ ሙዚቃ እየፈለገ የሚያሳትም ማርቲን የሚባል ሰው አለ። ያኔ ከምሥጋናው ጋር ወልድያ የቀዳነውን ካሴት፣ እኔ ተቀባይ ሆኜ የዘፈንኩበትን፣ አሰማሁት። ከበሮውና ጊታሩ የፈረንጅ ነው፣ ዜማው ግን ከየት መጣ ብሎ ሦስት ጊዜ መልሶ ሰማው። ያገሬ የማኅሌት ዜማ ነው፣ ዘፋኙ ድጓ ቤት ያደገ ነው አልኩት። በዲስክ ሊያሳትመው ይፈልጋል። ምሥጋናው እርስዎ ቤት ተቀምጦ ብቻውን በጊታር የቀዳው ስምንት ዘፈን ያለበት ካሴት እንዳለ አውቃለሁ። እሱን ይላኩልኝ። የሕይወት ታሪኩንም ጨምረው ይጻፉልኝ፤ የት ተወለደ፣ ማን አስተማረው፣ ጊታሩን ከየት አገኘ። ያለ ታሪክ አላሳትምም ብሎኛል።

እጅዎን ስሜ፣
ልጅዎ እየሩስ


ላሊበላ፣ ጥር 23 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለእየሩስ፤

እግዚአብሔር በሰው አገር ይጠብቅሽ። እኔ ደኅና ነኝ። ንቦቼም ደኅና ናቸው።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል፤ ከእኔ በፊት ግን ሌላ ሰው አንብቦታል። ፖስታው ሁለት ጊዜ ተለጥፏል። አንደኛው ሙጫ ደርቋል፣ ሁለተኛው ገና ይጣበቃል። እኔ ፊደል የቆጠርኩት መምህር ፊት ተቀምጬ አይደለም። ጎልምሼ ሳለሁ በዳዊት ላይ ጣቴን እየጎተትኩ ራሴን አስተምሬ ነው። ስለዚህ የተነካ ወረቀት አይጠፋኝም። አንቺ ደግሞ ስሙን በግልጽ ጽፈሽዋል። ተምረሻል ሲሉ ነበር።

ከእንግዲህ በፖስታ ስለ ጤናና ስለ ዝናብ ብቻ ጻፊ። እኔም እንደዚያው አደርጋለሁ። እውነቱን የምንጻጻፈው ይህ ደብዳቤ በመጣልሽ መንገድ ነው። ወልድያ ካሴት የሚሸጠውን አብዱልሀሚድን ታውቂዋለሽ። የእህቱ ልጅ ፈትሂያ አውሮፕላን ላይ ትሠራለች፤ ጀርመን በየወሩ ትመላለሳለች። እሷ ጉርሻ አትጠይቅም፣ ወሬም አታበዛም። አባቷን አውቀዋለሁ።

ጥቁር አትልበሺ። ምሥጋናው በሕይወት አለ። የት እንዳለ አልጽፍልሽም። በዚህኛውም መንገድ አልጽፍም።

የሆነው እንዲህ ነው። በመስከረም ወልድያ ላይ፣ ስብሰባ አዳራሽ ውስጥ፣ በበዓል ቀን ዘፈነ። ልጆቻቸው ተወስደው ስላልተመለሱላቸው እናቶች ነው የዘፈነው። ሰው ቆሞ አለቀሰ። በኅዳር ጽዮን ማግስት ጠዋት ሦስት ሰዎች ቤቴ መጡ። ሁለቱን አላውቃቸውም። ሦስተኛው የሰፈራችን ሰው ነው፤ ዓይኑን ከመሬት አላነሣም።

«ዘፋኙ የታለ?» አለ ቆዳ ጃኬት የለበሰው።

«እዚህ ቤት ዘፋኝ የለም።»

«የእህትህ ልጅ አይደለም እንዴ?»

«የእህቴ ልጅ ነው። ዘፋኝ ያደረግሁት ግን እኔ አይደለሁም።»

«የት እንደሄደ ታውቃለህ?»

«ይህን የምትጠይቀኝ መልስ አገኛለሁ ብለህ ነው?» አልሁት።

ቤቱን ገለባበጡት። የገብስ ጎተራውን በእንጨት ወጉት። ሊወጡ ሲሉ ጓሮ ያሉትን ቀፎዎች አየ።

«እዚያስ ምን አለ?»

«ንብ።»

«ከንብ ሌላ?»

«እጅህን ስደድና እይ።»

አልሰደደም። የሰፈራችን ሰው በነጠላው አፉን ሸፈነ፤ ይሳቅ ያልቅስ አላወቅሁም። ውሸት ግን አልተናገርኩም። በሰባ አንድ ዓመቴ አልጀምርም።

የሕይወት ታሪኩን ጠይቀሻል። አጭር ነው። እናቱ በሰባት ዓመቱ ሞተችበት፤ ወስጄ ድጓ ቤት አስገባሁት። ድምፅ ነበረው። መምህሩ ይህ ልጅ መሪጌታ ይሆናል አሉኝ። በአሥራ ስምንት ዓመቱ ጠፍቶ ወልድያ ገባ። ሲመለስ የእንጨት ሣጥን በአንገቱ አንጠልጥሎ መጣ፤ አንድ የትምህርት ቤት አስተማሪ ሲዛወር የተወለት ጊታር ነው። አዝማሪ በዘራችን የለም አልሁት። «አያ፣ ማኅሌቱስ ከበሮና ጸናጽል አለው አይደል?» አለኝ። ሁለት ዓመት አላነጋገርኩትም። ታሪኩ ይኸው ነው፤ አታሳትሚው።

ካሴቱን አልልክም። ስሙንም በምንም ወረቀት ላይ እንዳታወጪ።

ደባሱ


ሃምቡርግ፣ የካቲት 19 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለአያ ደባሱ፤

የጤናዎ ነገር ያሳስበኛል፤ መድኃኔ ዓለም ጉልበትዎን ያጽናልኝ። ደብዳቤዎን ፈትሂያ ባቡር ጣቢያ ድረስ አምጥታ በእጄ ሰጠችኝ። «በሕይወት አለ» የምትለው ጋ ስደርስ እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። አንዲት ጀርመናዊት መሐረብ ሰጠችኝ፤ ሰው የሞተብኝ መስሏት ነው።

አያ፣ ደፍሬ ልናገር። ዘፈኑን እዚያ ደብቀው ቢያስቀምጡት ማን ይጠቀማል? ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ሰው ቢነኩት ይጠየቃሉ፤ የማይታወቀውን ግን ማን ይጠይቅለታል? እዚህ እንዲህ ነው የሚያስቡት፤ እኔም አምኛለሁ። ስሙን አታውጪ ብለውኛል፤ አላወጣም። ምሥጋናው የሚል ቃል በአንድም ወረቀት ላይ እንዳይገኝ በእናቴ አጥንት እምላለሁ።

አንድ ነገር ግን አይከልክሉኝ። ነገ ዐቢይ ጾም ይገባል። እዚህ ያለችው ቤተ ክርስቲያናችን በተከራየነው አዳራሽ ውስጥ ናት፤ ቄሱ ግን የተቸገረ ሰው ስም እየጠሩ ይጸልያሉ። ስለ ምሥጋናው ስነግራቸው «በዓለም ስሙ አይሆንም፤ የክርስትና ስሙን አምጪ» አሉኝ። እኔ አላውቀውም። አብረን ስናድግ ጠይቄውም አላውቅ። ጾሙ ሳያልቅ ይላኩልኝ።

ልጅዎ እየሩስ


ላሊበላ፣ መጋቢት 2 ቀን 1998 ዓ.ም. (በፖስታ)

ለእየሩስ፤

እንዴት ነሽ። እኔ ደኅና ነኝ። የበልግ ዝናብ አልጣለም። ስለ ጠየቅሽኝ ሰው ሱዳን ገባ ብለው ያወራሉ። ከእንግዲህ ስለሱ አትጠይቂኝ።

ደባሱ


ላሊበላ፣ መጋቢት 25 ቀን 1998 ዓ.ም. (በፈትሂያ እጅ)

ለእየሩስ፤

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምሽ።

በፖስታ የጻፍሁትን እንዳታምኚ ነግሬሻለሁ። ሱዳን ገባ ብለው ያወራሉ ማለቴ እውነት ነው፤ ያወራሉ። ወሬውን ማን እንደጀመረው አልተጠየቅሁም።

ባለ ቆዳ ጃኬቱ እንደገና መጣ። በዚህኛው ጊዜ ብቻውን ነው የመጣው፤ ያ ይበልጥ አስፈራኝ። ተቀመጥ ሳልለው መደቡ ላይ ተቀመጠ። «አያ ደባሱ» አለኝ፤ በመጀመሪያው ቀን አንተ ነበርኩ። «አያ ደባሱ፣ ጠላቶች አይደለንም። ልጁ ራሱ ቢመጣ አንድ ወረቀት ፈርሞ ይሄዳል።» የጎረቤቴ የወለተ ሩፋኤል ልጅም አንድ ወረቀት ለመፈረም ነበር የሄደው። በሰኔ ሄደ፤ ይኸው መጋቢት ነው። ይህን ግን አልተናገርኩም። «ሳየው እነግረዋለሁ» አልሁ። ሲወጣ በሩ ላይ ቆሞ ጓሮውን አየ። ብዙ ቆሞ አየ።

ካሴቱ ከቀፎዎቹ በአንደኛው ውስጥ ነበር። መካከለኛውን ንቧ ለቅቃዋለች፤ ግራና ቀኙ ግን ሙሉ ናቸው። አሁን ስለወጣ ነው የምነግርሽ። ሰውየው ከሄደ በኋላ ላቃጥለው ወሰንሁ። ነገር ግን የራሴ ስላልሆነ ባለቤቱን ልጠይቅ ሄድሁ። አንድ ቀን ተኩል በእግር ነው።

«አቃጥለዋለሁ» አልሁት።

«ዘፈኑ ከተቃጠለ እኔ ለምንድነው የምደበቀው?» አለኝ።

«ለነፍስህ።»

«ነፍሴማ እሱ ላይ ናት፣ አያ። ወይ እኔን ያውጡኝ፣ ወይ እሱን ያውጡት። ሁለታችንንም መቅበር አይቻልም።»

ከስቷል። ጣቶቹ ላይ የነበረው የክር ጠባሳ ጠፍቷል። እንጨት ሲፈልጥ ያዜማል፤ ሰው ሲመጣ ዝም ይላል። ብዙ አልተከራከርኩትም። ለእየሩስ እልካለሁ ብዬው ተመለስሁ።

ከመላኬ በፊት አራት ጊዜ ሰማሁት። ምን እንዳለበት ሳላውቅ እጄን አልሰድም ብዬ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለውም። ወልድያ የዘፈነው አራተኛው ላይ ነው።

የቤቴ ልጅ ሲሆን ገፍቶ ነው ’ሚገባ፣
ያንኳኳው ሌላ ነው፣ አይክፈቱ አባባ።

ያኔ ከወልድያ ሲመለስ፣ አባባ ያለው እኔን እንደሆነ ጠይቄው ነበር። የጊታሩን ክር ማጥበቅ ያዘ።

የክርስትና ስሙ አጽቀ ሥላሴ ነው። ሌላ ሰው ቢጠይቀኝ አልናገርም ነበር። ለጸሎት የተጠየቀ ስም ግን አይከለከልም፤ መከልከል ኃጢአት ነው። ለቄሱ ንገሪ።

ደባሱ


ሃምቡርግ፣ ሐምሌ 5 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለምወድዎና ለምፈራዎ ለአያ ደባሱ፤

ክረምቱ እንዴት ይዞዎታል? አጥንትዎን ብርድ እንዳይነካዎ እመቤታችን ትጠብቅልኝ።

አያ፣ ወጣ! ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንዱን ልኬልዎታለሁ። ስምንቱም ዘፈኖች አሉበት፤ ከወልድያውም አራት ጨምረናል። ማርቲን ምንም አልነካካውም፤ ከኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ እንኳ ይሰማል። አምስተኛው ዘፈን መካከል ላይ አንድ ሰው ሲያስል ይሰማል፤ እርስዎ ነዎት፣ ሳልዎን አውቀዋለሁ። ማርቲን ላጥፋው ቢል እምቢ አልኩ። አምስት መቶ ታተመ፤ በሦስት ሳምንት ውስጥ ሦስት መቶው አለቀ። እዚህ ያሉ ያገር ልጆች በስልክ እየደወሉ ያለቅሳሉ።

ቃሌን ጠብቄያለሁ። ማርቲን ታሪኩን ቢተውልኝም ስም የሌለው ዲስክ አይወጣም ብሎ ሲጣላኝ፣ ምሥጋናው የሚለውን ሳልነካ መላ አገኘሁ። ግጥምና ዜማ የሚለው ጋ ማንም የማያውቀውን ስሙን አስጻፍኩ። ሽፋኑ ላይ፣ በትልቁ፣ በግዕዝ ፊደል፤ አጽቀ ሥላሴ። ማንም ቢያይ ማን እንደሆነ አይገባውም፤ እሱ ሲያየው ግን የራሱ መሆኑን ያውቃል። እንዲህ ሳደርግ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

ደስ እንደሚልዎ ይጻፉልኝ፤ አንዴ እንኳ።

ልጅዎ እየሩስ


ላሊበላ፣ ነሐሴ 3 ቀን 1998 ዓ.ም.

እየሩስ፤

ሰላምታ ለመጻፍ እጄ አልታዘዘልኝም። እግዚአብሔር ይጠብቅሽ። ሁላችንንም ይጠብቀን።

ምን አደረግሽ?

ስሙን የሰጠሁሽ ለቄሱ ጆሮ ነበር። ከዓለም ሸሽቶ ገዳም የገባ ሰው በምን ስም ይጠራል? አንቺ ላሊበላ ተወልደሽ ይህን አጣሽው? ምሥጋናው የሚባል ሰው እዚያ የለም። ውኃ የሚቀዳው፣ እንጨት የሚፈልጠው፣ ሌሊት ሰዓታት የሚቆመው አጽቀ ሥላሴ ነው። ከአበምኔቱ እስከ በቅሎ ጠባቂው በዚህ ስም ይጠሩታል። ሌላ ስም የላቸውም ለእሱ። የሚፈልጉት ሰዎች ዘጠኝ ወር ሙሉ ምሥጋናውን ሲፈልጉ አላገኙትም፤ ስለሌለ ነው ያላገኙት። አንቺ ያለበትን ስም አትመሽ አወጣሽላቸው።

ስሙ ብዙ ሰው ያለው ስም ቢሆን ግድ አልነበረኝም። ገብረ ማርያም ቢሆን በየደብሩ ሃያ ይገኛል። አጽቀ ሥላሴ የሚባል በዚህ አገር እኔ አንድ ብቻ ነው የማውቀው።

ጥፋቱ የአንቺ ብቻ ነው አልልም። እኔ የት እንዳለ አልጽፍም ብዬ ኮራሁ፤ በምን ስም እንዳለ ልነግርሽ አልታሰበኝም። ዝም ማለት የሚበቃ መስሎኝ ነበር።

የላክሽውን ዲስክ ሰባብሬ ቀበርሁት። የቀሩትን ሰብስቢ። ስሙን ከሽፋኑ አውጪ። ወንዞቹ ሞልተዋል፤ እስከ መስከረም አጋማሽ ወደ እሱ መሻገር አይቻልም። እነሱም መሻገር አይችሉም፤ የቀረን ይህ ብቻ ነው። ዝናቡ እንዳይቆም እየጸለይኩ ነው፤ ገብስ ዘርቼ ዝናብ እንዳይቆም የጸለይኩት ዘንድሮ ነው።

ደባሱ


ሃምቡርግ፣ መስከረም 6 ቀን 1999 ዓ.ም.

አያ፤

እግርዎ ሥር ወድቄያለሁ። እንኳን አደረሰዎ ለማለት አፍ የለኝም።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ትናንት ነው፤ ፈትሂያ ነሐሴን ሙሉ ሌላ መስመር ላይ ነበረች። ያነበብኩ ዕለት ማርቲን ቤት ሮጥኩ። የቀሩት አንድ መቶ አሥር ናቸው፤ ከሱቅ እየሰበሰበ ነው። አዲስ ሽፋን ያለ ስም እንዲታተም ተስማምቷል፤ በጥቅምት መጨረሻ ይወጣል። የተሸጡትን ግን መመለስ አልችልም።

መደበቅ ስለማልፈልግ ሌላውንም ልናገር። በነሐሴ አንድ በአማርኛ የሚተላለፍ ሬዲዮ ዘፈኑን አጫውቶታል። አገር ቤት ሌሊት ሌሊት ይሰማል ይላሉ። አቅራቢው ስሙን ሦስት ጊዜ ጠራው። «አጽቀ ሥላሴ ማነው? የት ነው ያለው?» ብሎ ነው የጨረሰው። ያን ዕለት እኔ ቤቴ ሆኜ አጨበጭብ ነበር።

ምን ላድርግ? ልምጣ? ቢይዙኝም እኔ ነኝ ያሳተምኩት እላለሁ። አንድ ቃል ብቻ ይላኩልኝ። ቄሱ ጋ ሄጄ ስሙን እንዳይጠሩ ልለምናቸው አሰብኩ፤ ከዚያ ደግሞ አሁን ካልተጠራ መቼ ሊጠራ ነው ብዬ ተመለስኩ።

እየሩስ


ላሊበላ፣ ጥቅምት 14 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለልጄ ለእየሩስ፤

ጸጋውን ያብዛልሽ፤ ፍርሃትሽን ያቅልልሽ። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። አትምጪ። የምጽፍልሽን በደንብ አንብቢ፤ ድጋሚ መጻፍ አልችል ይሆናል።

ስሙን ሰምተዋል። መስከረም ሃያ ላይ በየአብያተ ክርስቲያናቱ እየዞሩ መጠየቅ ጀመሩ። ይምርሐነ ክርስቶስ ሄደው አንድ ቀን አደሩ፤ ካህናቱን አንድ በአንድ የክርስትና ስማችሁ ማነው አሏቸው። ከዚያ ወደ ኩልመስክ በኩል ወረዱ። በእንዲህ ያለ አካሄድ በሁለት ሳምንት ውስጥ እሱ ያለበት ይደርሳሉ። እኔ ቀድሜያቸው ሄድሁ፤ ላወጣው ነበር። ተስቦ ይዞት ተኝቷል። ዓይኑን ገለጠና «ያንኳኳው ማነው?» አለኝ፤ በሩ ክፍት ነበር። አበምኔቱ በቃሬዛ እንኳ ቢወጣ መንገድ ላይ ይሞታል አሉኝ። ሦስት ሳምንት ስጠኝ አሉ።

ሦስት ሳምንት ከየት አመጣለሁ? ተመልሼ ቤቴ አልገባሁም። በቀጥታ ጽሕፈት ቤታቸው ሄድሁ። በባለ ቆዳ ጃኬቱ ጠረጴዛ ላይ ዲስኩ ነበር።

«አያ ደባሱ! ልጁን አመጡልን?»

«የምትፈልጉት አጽቀ ሥላሴን ነው ሲሉ ሰማሁ።»

«አዎ።»

«እኔ ነኝ።»

ሳቀ። ጎን ያለውን ክፍል ከፍቶ «ኑ እዩ፣ ዘፋኛችን መጣ» አላቸው። ሁለት ሰዎች መጡ።

«ድምፁ የልጁ ነው» አልሁ። «ሱዳን ገብቷል ትላላችሁ፤ እንግዲህ እዚያ ፈልጉት። ቃሉ ግን የኔ ነው። ሽፋኑ ላይ ድምፅ አይልም፤ ግጥምና ዜማ ነው የሚለው። አንብበው።»

አነበበው። ሳቁን አቆመ።

«እርስዎ አዝማሪ ይጠላሉ ይባላል።»

«እጠላለሁ። ለዚህ ነው በክርስትና ስሜ የተደበቅሁት።»

አንደኛው እስቲ ይበሉት አለኝ። አልኩት። የካሴቱን ስምንቱንም፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ አንድ ቃል ሳልስት፤ የወልድያዎቹ አራቱ ላይ ሳልደርስ በቃ አሉኝ። አራት ጊዜ መስማቴ ጠቀመኝ። በዜማ አላልኩትም፤ እንደ ዳዊት ነው ያነበነብኩት። «አይክፈቱ አባባ» ስል ድምፄ ተሰበረ። ያ ደግሞ አሳመናቸው መሰለኝ።

ባለ ቆዳ ጃኬቱ ግን ሞኝ አይደለም። «ይህን ማንም ያጠናል» አለ። «ገጣሚ ከሆኑ እዚህ ያልተጻፈ ይግጠሙ። አሁን።»

እየሩስ፣ በሕይወቴ ሁለት መስመር ገጥሜ አላውቅም። ጠረጴዛውን አየሁ፤ ወረቀቱን፣ ብዕሩን ከፍቶ የሚጠብቀውን ሰው አየሁ። ከዚያ እንዲህ አልሁ፤

ስሜን ብትጠይቁ ይኸው ሰጠኋችሁ፣
ሥጋዬ አርጅቷል፣ ምን ያደርግላችሁ።

ማንም አልሳቀም። ጸሐፊው ጻፈው። «ይድገሙልኝ» አለ፤ ደገምሁለት። ማስረጃ ሆኖ መዝገብ ገባ።

«ቅዱስ ላሊበላን ይበሉ» አለኝ ባለ ቆዳ ጃኬቱ። «ስሜ ይህ ነው ብለው ይማሉ።»

ማልሁ። በቅዱስ ላሊበላ ስም፣ እጄን አንሥቼ፣ በሐሰት ማልሁ። በሰባ አንድ ዓመቴ አልጀምርም ብዬሽ ነበር፤ በሰባ ሁለት ጀመርሁ። ክርስትና ያነሡኝ ቄስም ክርስትና አባቴም ከሞቱ ቆይተዋል። እውነተኛ ስሜን የሚያውቁት የንስሐ አባቴ ብቻ ናቸው፤ እሳቸው ቢገድሏቸው አይናገሩም። በማግስቱ ሄጄ ነገርኳቸው። ከዚያ ሰባት ዓመት ጾምና በየቀኑ መቶ ስግደት አዘዙኝ። ሰባት ዓመት እንደምኖር ማን እንደነገራቸው አልጠየቅሁም።

ዕድሜዬን አይተው በዋስ ለቀቁኝ። ዋስ የሆነኝ ያ የሰፈራችን ሰው ነው፤ ዓይኑን ከመሬት አንሥቶ ሲያየኝ ይህ የመጀመሪያው ነው። ሐሙስ ቅረብ ተብያለሁ፤ ወደ ሌላ ከተማ እንወስድሃለን ብለዋል። ገዳማቱን መፈለግ ግን ትተዋል። ወደ ኩልመስክ የወረዱት ሰዎች ትናንት ተመለሱ። ሦስቱን ሳምንት አግኝቻለሁ። አብዱልሀሚድ መኪና ይዞ ይጠብቃል፤ ልጁ እግሩን ሲተክል ከዚህ አገር ይወጣል። ወዴት እንደሆነ አልጠየቅሁም፤ የማላውቀውን አልናገርም።

አሁን የማዝሽን ስሚ። አዲሱን ሽፋን አስቁሚ። ስሙን ከሽፋኑ አታውጪ። በነሐሴ አውጪ ያልሁሽን በጥቅምት አታውጪ እልሻለሁ፤ ሳልሳሳት ነው። ስሙ ከሽፋኑ ከጠፋ ለምን ጠፋ ይላሉ፤ ውሸቴ ይወጣል፤ ፍለጋውም ይጀመራል። የሰበሰብሻቸውን መልሰሽ ለሱቁ ስጪ። ያ የሬዲዮ ሰው ማነው አጽቀ ሥላሴ ብሎ ጠይቋል አይደል? ላሊበላ ያለ ደባሱ የሚባል ንብ አርቢ ሽማግሌ ነው ብለሽ ጻፊለት። ሦስት ጊዜ ይጥራው።

ከእንግዲህ ሰው ሁሉ በልጁ የክርስትና ስም ይጠራኛል። ሐሙስ ከሄድሁ በኋላ የሆነ ነገር ብሆን እዚህ ያለ ቄስ ሁሉ ሲፈታኝ በእሱ ስም ነው የሚፈታኝ፤ የንስሐ አባቴም ሸምግለዋል። ስለዚህ አንድ ሰው እንዲያውቀው እፈልጋለሁ። የእኔ የክርስትና ስም ወልደ ትንሣኤ ነው። ለቄሱ በጆሯቸው ንገሪ። ወረቀቱን አቃጥዪ።

አጎትሽ